ስታርክራፍት፦ በቴራኖች የእርስ በርስ ጦርነት ማን ነው ትክክል? እኔ ሬይነርም ንጹሕ አይደለም ባይ ነኝ

የከዚራው፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ጥያቄዬ የጌም ነው። የሀገር ቤት ፖለቲካ የሚያመጣብኝ ካለ አልመልስለትም። የማወራው በጌሙ ውስጥ ስላሉት ፕላኔቶች፣ ስለ ኮርሃልና ስለ ታርሶኒስ ነው።

ከእህቴ ልጅ ጋር ሰሞኑን በዚህ ጌም የተነሳ እየተነታረክን ነው። እሱ የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን ሁለተኛውን ስታርክራፍት ነው። በሱ ቤት ጂም ሬይነር ጀግና፣ አርክቱረስ ሜንግስክ ሰይጣን፤ አለቀ። እኔ ያደግኩት በመጀመሪያው ነው፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ጌም ቤት ነበር። የኮምፒውተሮቹ የጎን ክዳን ተነስቶ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ሆዳቸው ውስጥ ይነፋባቸዋል፤ እንደዚያም ሆኖ በግንቦት ሙቀት ድርግም ይላሉ። ያኔ ታሪኩን የሚሰማ አልነበረም፣ በኔትወርክ ተያይዘን እርስ በርስ ነበር የምንጨራረሰው። ታሪኩን በደንብ የሰማሁት ብሊዛርድ በ2017 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን በነፃ ሲለቀው ነው። አውርጄ፣ ከየሚሽኑ በፊት የሚመጣውን ብሪፊንግ አንድም ሳልዘል ጨረስኩት።

ለማታውቁት ባጭሩ። ምድር 40,000 እስረኞቿን በአራት መርከብ ጭና ወደ ሕዋ ትሸኛለች። መርከቦቹ መንገድ ስተው ኮፕሩሉ የሚባል ቀጠና ይወድቃሉ። የነዚያ እስረኞች ዘሮች፣ ቴራን የሚባሉት፣ ተባዝተው መንግሥት ያቆማሉ፦ ኮንፌደሬሲ፣ መናገሻው ታርሶኒስ። ኮርሃል የምትባለው ፕላኔት ታምፃለች፤ መሪዋ ሴናተር አንገስ ሜንግስክ ነው። ኮንፌደሬሲው ጎስት የሚባሉትን ነፍሰ ገዳዮቹን ልኮ አንገስን ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ያስገድላል። ሕዝቡ በዚህ ይበርዳል ሲባል ጭራሽ ይግላል። መጨረሻ ላይ 1,000 ኑክሌር ሚሳይል ኮርሃል ላይ ይለቀቃል። 35 ሚሊዮን ሰው። ያን ቀን እዚያ ያልነበረው ትልቁ ልጅ አርክቱረስ የተረፉትን ሰብስቦ «የኮርሃል ልጆች» የሚባለውን ጦር ይመሠርታል።

እስከዚህ ድረስ ማን ትክክል ነው ብትሉኝ አላመነታም። ደም አለበት ሰውየው። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚበላሸው፣ ስንጫወትም በእጃችን ነው የምናበላሸው።

ሬይነር ማር ሳራ የምትባል በረሃ ላይ የሕግ አስከባሪ ነበር። ዘርግ የሚባለው የሕዋ አውሬ ሲመጣ በዘርግ የተበከለውን የባክዋተር ጣቢያ ያቃጥላል። የኮንፌደሬሲው ጄኔራል ዱክ የኮንፌደሬሲ ንብረት አጠፋህ ብሎ ያስረዋል። ልብ በሉ፣ ሰው ስላዳነ ነው የታሰረው። ዱክና ጦሩ ሕዝቡን ጥለው ሲሄዱ መርከብ ልኮ የሚያወጣው ሜንግስክ ነው። ሬይነርም በዚያው ሜንግስክን ይቀላቀላል። እኔም ብሆን እቀላቀል ነበር።

አምስተኛው ሚሽን ላይ አንቲጋ ፕራይም ወርደን ሕዝቡ በኮንፌደሬሲ ላይ እንዲነሳ እናግዛለን፤ ይነሳል። ሰባተኛው ላይ፣ እዚያው አንቲጋ፣ የኮንፌደሬሲ ጦር ሲከበን ሜንግስክ ሳይ-ኤሚተር የሚባል መሣሪያ ያወጣል። ዘርግን ካለበት የሚጠራ ነገር ነው። አንዲት ኤስሲቪ ትሰጠናለች፣ ያቺ ቤት የምትሠራዋ፣ 60 ነፍስ ብቻ ያላት። መሣሪያውን ታቅፋ ትሄዳለች፣ እኛ በታንክና ማሪን በሚባሉት ወታደሮች እያጀብን በጠላት ቤዝ መሀል ምልክቱ ላይ እናደርሳታለን። ሚሽኑ ያልቃል፣ ዘርግ ይመጣል። የት? ትናንት ነፃ አወጣናችሁ ያልናቸው ሰዎች ፕላኔት ላይ።

ሬይነር ከዚህም በኋላ ከሜንግስክ ጋር ወደ ታርሶኒስ ዘመተ። እዚያ ኤሚተሮቹ በመላው ፕላኔት ላይ ሲከፈቱ የሜንግስክ ተዋጊ የሆነችው ኬሪጋን «ይሄ እብደት ነው» ብላ ትጮሃለች፣ ሬይነርም እውነቷን ነው ይላል። ይላል እንጂ አይሄድም። የሄደው ሜንግስክ ኬሪጋንን ለዘርግ ጥሏት መርከቦቹን ሲያዞር ነው። የምትወዳት ሴት ስትጣል ሄድክ፤ ፕላኔት ሲጣል ግን ቆመህ ነበር ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ «አጎቴ አንተ ሙቀት መትቶሃል» አለኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ኮንፌደሬሲ፣ ሜንግስክ፣ ሬይነር፤ ማን ነው ትክክል?

ሳቢያን_ማሪን፦

አቦ ወሪያ፣ ሜንግስክን እንደዚህ አትብሉት። ሁላችሁም ጌሙን የምትጨርሱት መጨረሻው ላይ ዘውድ ሲጭን አይታችሁ ነው። ዘውዱን ተውትና ከጀርባ ጀምሩ።

ኮንፌደሬሲው ዘርግን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ጃኮብስ የሚባለው ተቋም ሚሽን ላይ ገብታችሁ የለ? በረት ውስጥ የተዘጋባቸው ዘርጎች አሉ። መንግሥት ተብዬው አውሬውን በቤቱ እያጠና፣ ሕዝቡ ሲበላ ግን «አልሰማሁም» ይላል። ሳይ-ኤሚተሩንም የሠራው እሱ ነው፤ ሜንግስክ የሰረቀው ከዚያው ተቋም ባወጣው መረጃ ነው። ሰውየውን በራሱ ቢላ ወጋው ማለት ነው። ማሪኖቹስ? ግማሾቹ ወንጀለኛ ተብለው ተይዘው አእምሯቸው የታጠበ ናቸው። እንደዚህ ያለ መንግሥት በደብዳቤ አይወርድም።

ደግሞ ውለታ አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰው ሲወስድ፣ እጅህን ይዞ ያወጣህን ሰው ማን ነህ፣ ከየት ነህ አልከው? ሜንግስክ የማር ሳራን ሕዝብ ያወጣው ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው ነው። ሬይነር የበላበትን ሳህን ሰባሪ ነው ባይ ነኝ። አንተ ንጹሕ አይደለም የምትለው ቆይቶ ሄደ ብለህ ነው፣ እኔ ደግሞ ጭራሽ ስለሄደ ነው።

የከዚራው፦

ሳቢያን፣ የደቻቱን ነገር አምጥተህ አፌን ልትዘጋኝ ነበር፣ ግን አልተዘጋም። ያወጣህ ሰው በማግሥቱ ከላይ ያለውን ግድብ ከፍቶ ጎርፉን ሌላ ሰፈር ላይ ቢለቀውስ? እዚያ ሰፈር ጠላቱ ይኖራል ብሎ? ያኔም ውለታ አለብኝ ብለህ አካፋ ታቀብለዋለህ?

የጃኮብሱን ግን እውነትህን ነው። እዚያ በረት ስገባ እኔም ደሜ ፈልቷል። ኮንፌደሬሲው ትክክል ነው የሚል ሰው እዚህ ቢመጣ ይገርመኛል።

ፈረስ_መጋላ፦

ከሐረር ነኝ፤ ዘርግ ነው የምጫወተው፣ ስለዚህ ቴራኖች ሲጨራረሱ ደስ ነው የሚለኝ። ቢሆንም ሬይነርን ያለ ጠበቃ አልተወውም።

የከዚራው፣ ጊዜውን አጠብቀህ ቁጠር። ስምንተኛው ሚሽን መጨረሻ ላይ ዱክ፣ ያኔ ወደ ሜንግስክ ዞሯል፣ ኤሚተሮቹ ሥራ ጀምረዋል ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ኬሪጋን ማን ፈቀደ ብላ ትጠይቃለች፤ እኔ ነኝ ይላል ሜንግስክ። ማለትም ሬይነር የሰማው ከተከፈቱ በኋላ ነው። ሳይከፈቱ ተማክረውት እሺ አላለም። ቀጥሎ ያለው ዘጠነኛው ሚሽን ነው፣ ኒው ጌቲስበርግ። ፕሮቶስ የሚባሉት ሌሎች የሕዋ ፍጡራን ዘርግን ሊመቱ ይወርዳሉ፣ ሜንግስክ ግን ዘርግ ሥራውን ሳይጨርስ እንዳይነካበት ኬሪጋንን ፕሮቶሶቹን እንድትመታ ይልካታል። ሬይነር አትሂጂ ይላታል። ትሄዳለች፣ ትጣላለች። አሥረኛው ላይ ሬይነር ወጥቷል። በሁለቱ መካከል የቀረ ዓመት የለም፤ ምናልባት አንድ ቀን ነው። በጦርነት መሀል፣ ፕላኔት ላይ ዘርግ እየዘነበ፣ ሰዎችህን ይዘህ የምትወጣበት መርከብ የአለቃህ ሆኖ፣ ከዚህ በላይ ይፈጥናል?

«የሚወዳት ሴት ስትጣል» ያልከውም ትንሽ ቅር ይለኛል። እሷ እኮ ከነሱ ሁሉ መጀመሪያ ተቃውማ፣ ከነሱ ሁሉ መጀመሪያ የታዘዘች ናት። እሷን የሄደችበትን ሚሽን አልፈጸምሽም ብሎ የሚወቅስ የለም፣ ለምን ፈጸምሽ የሚላትም የለም። ውዷ ተብላ ብቻ ነው የምትጠራው።

አንቲጋን በተመለከተ ግን እውነት ለመናገር መልስ የለኝም። ኤሚተሩ የተተከለው በጦር ሰፈር ነው፣ ዒላማው ከባቢው ጦር ነው ልልህ እችላለሁ። ግን ዘርግ አጥር አያውቅም፤ ይህን ዘርግ የምጫወት ሰው ነኝ የምልህ።

ጡረተኛው_መምህር፦

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። እኔ አልጫወትም። ሐረር ብዙ ዘመን ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የልጅ ልጄ ሲጫወት ከኋላው ወንበር ስቤ አያለሁ፣ ያልገባኝን ያስረዳኛል። የእናንተን ክርክር እሱ ነው ያነበበልኝ።

ሁላችሁም ደሙን ተናግራችኋል፣ ካሳውን ያነሳ ግን አላየሁም። በዚህ በእኛ አካባቢ በኦሮሞው ጉማ አለ፣ በሶማሌውም እንደዚሁ የደም ካሳ አለ፤ ለአንድ ወንድ 100 ግመል ሲባል የኖረው ማለቴ ነው። ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌ ይገባል፣ የገዳይ ወገን ያዋጣል፣ ይታረቃሉ። አስተውሉ፤ የሚያዋጣው ገዳዩ ብቻውን አይደለም፣ ወገኑ ነው። የአጎቱ ልጅም፣ ያን ቀን ገበያ የዋለውም፣ ጨርሶ ያልሰማውም ይከፍላል። ወገን በጥፋት ይጠየቃል ማለት ነው። ግን የሚጠየቀው በከብቱ ነው። በነፍሱ እንዳይጠየቅ ነው ይህ ሁሉ ሽማግሌ ጥላ ሥር የሚውለው። ካሳው ካልተከፈለ ደሙ ያገኘው ሰው ላይ ሊወርድ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል።

ለኮርሃል ካሳ የከፈለ አለ? የልጅ ልጄን ብጠይቀው የለም አለኝ። ሽማግሌም አልተላከም፣ ጥፋተኛ ነን ያለም የለም። እንግዲያው ሜንግስክ ታርሶኒስን «ያው ወገናቸው ነው» ብሎ ሲያስበላ እኔን አልገረመኝም፤ አላጸደቅኩትም ግን አልገረመኝም። ታርሶኒስ ላይ ዳቦ የምትጋግር ሴት ከሚሳይሉ ጋር ምን አገናኛት? በከብት ነበር መጠየቅ የነበረባት።

አንድ ነገር ደግሞ አስደንቆኛል። የሜንግስክን አባት ከገደሉት ነፍሰ ገዳዮች አንዷ ይህችው ኬሪጋን ናት አለኝ ልጁ። ሜንግስክ ይህን እያወቀ ከኮንፌደሬሲው ላቦራቶሪ አውጥቶ በጎኑ አሰለፋት። መጨረሻ ላይም፣ በሦስተኛው ጌም ነው መሰለኝ፣ እሱንም የምትገድለው እሷ ናት። አባትንም ልጅንም አንድ እጅ። በመካከሉ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠው ስለ አባቱ በሽማግሌ ፊት ቢነጋገሩ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ እንደሱ ከሆነ ጌም አይሆንማ» ብሎ ሳቀብኝ።

የከዚራው፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። «በከብት ነበር መጠየቅ የነበረባት» ያሉትን ለእህቴ ልጅ አነበብኩለት፣ ዝም አለ፤ እሱን ዝም ማሰኘት ቀላል አይደለም። ኬሪጋን ሜንግስክን የምትገድልበት በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ክፍል ነው፣ የልጅ ልጅዎ ልክ ነው። እዚያ ላይ አንድ ነገር ልጨምርልዎት፦ የሜንግስክ ልጅ ቫሌሪያን ኮርሃል ስትወረር የከተማው ሕዝብ እንዳያልቅ ሲለምናት ኬሪጋን ሰምታ አወራረዷን ትቀይራለች። ዘርግ ወስዶ ንግሥቱ ያደረጋት ሴት፣ የአውሬ ንግሥት፣ ከሁሉም ቀድማ ሰላማዊ ሰው አተረፈች። ሬይነርና ሜንግስክ በታርሶኒስ ያልቻሉትን።

ፈረስ መጋላ፣ የጊዜው ነገር ተመችቶኛል፤ ስለ ኬሪጋን ያልሽውንም እቀበላለሁ፣ ራሷን ችላ መቆጠር አለባት። አንቲጋን ግን አንቺም አልመለስሽውም። ከታርሶኒስ ወዲህ ያለውን ጥድፊያ ነው ብለሽ ብታወጪው፣ ከአንቲጋ እስከ ታርሶኒስ ያለው ግን ዘመቻ ተሰናድቶ የተሄደበት ነው። አስቦ የሚቀር ሰው ይቀርበት ነበር።

አሁን ሁለተኛውን ጌም ላምጣው። እዚያ ላይ ሬይነር የሜንግስክን አዲስ መንግሥት፣ የዶሚኒየንን፣ ባቡሮች የሚያጠቃበት ሚሽን አለ፣ ታርሶኒስ ላይ። ስምንት ባቡር ማፈንዳት አለብህ፣ ሦስት ካመለጡህ ትሸነፋለህ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ ድሬ በምድር ባቡር ጋራዥ የሠራ ሰው ነው። የእህቴ ልጅ እያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ ሲያፈነዳ አባቴ ከኋላ በሽርጡ ቁጭ ብሎ መነጽሩን ሽቅብ ገፋ እያደረገ ያያል። አራተኛው ላይ አልቻለም፣ «ሐዲዱን ስንት ሰው እንደቀበረው ታውቃለህ?» አለና ተነስቶ ወጣ። እስከ ማታ አኩርፎን ነበር።

ከነዚያ ባቡሮች ጭነት ነው ያረጀችው የኮንፌደሬሲ አድጁታንት፣ ሮቦት ረዳት ማለት ናት፣ የምትገኘው፣ የድሮ የድምፅ ቅጂ ያለባት። ሬይነር ያንን ይዞ ኮርሃል ይወርድና ሜንግስክ በታርሶኒስ ላይ ዘርግ እንዲለቀቅ ያዘዘበትን ድምፅ ለመላው ሕዝብ ያሰማል። ሕዝቡ ይነሳል። እንዴት ደስ የሚል ሚሽን ነው፣ ኦዲን በሚባለው ግዙፍ ማሽን መሀል ከተማውን እየረገጥክ። እኔም እየጮህኩ ነው የተጫወትኩት።

ግን የታርሶኒስን አሰማህ። የአንቲጋንስ? «እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ከዚያም በኋላ ሰውየውን ተከትዬ ዘምቻለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምርበት ምን ነበር? መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠጣው ስለ ኬሪጋን ነው። ስለ አንቲጋ አንድ ብርጭቆ ሲያነሳ አላየሁም።

ታይዋን_ተራ፦

እናንተ ስለ ፕላኔት ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ማሪን። ማሪን 40 ነፍስ አለው። ስቲምፓክ የሚባለውን መርፌ ስትሰጠው ፈጥኖ ይተኩሳል፣ ግን በእያንዳንዱ ውጊት 10 ነፍስ ይወድቅበታል። ሕዝብ ልናድን ነው ብላችሁ የመጣችሁት ሁላችሁም፣ የሬይነርም ወገን የሜንግስክም የዱክም፣ ስንቱን ልጅ በ«ቲ» ቁልፍ አስወግታችሁ ሞት አፋፍ ላይ አቁማችኋል? እኔ ከወገኖቹ አንዱም ትክክል ነው አልልም፤ ትክክል ያ የሚያለቃቅሰው ማሪን ነው።

ሌላ፣ ምድርን ረሳችሁ። የመጀመሪያው ጌም ተቀጽላ በሆነው በብሩድ ዋር ላይ የመጣው የምድር ጦር፣ ዩኢዲ፣ ሜንግስክን ሊያወርድ ነው የመጣው። እሱስ የት ነው የሚመደበው?

(ርካሽ ግራፊክስ ካርድ የምትፈልጉ በውስጥ አናግሩኝ።)

የእህቱ_ልጅ፦

እኔ ነኝ፣ የተወራብኝ። አካውንት የከፈትኩት ለዚህ ብቻ ነው።

አጎቴ ያልነገራችሁን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ጌም ላይ ሄቨን የምትባል ፕላኔት አለች፣ ስደተኞች የሰፈሩባት። ዶክተር ሃንሰን ሕዝቡ ታሟል፣ መድኃኒት እያገኘሁለት ነው፣ ጊዜ ስጡኝ ትላለች። የፕሮቶሷ ሰሌንዲስ ደግሞ ቅኝ ግዛቱ መቃጠል አለበት ትላለች። ምርጫው ያንተ ነው፤ ወይ ከሃንሰን ጋር ሆነህ ፕሮቶሶችን ትመክታለህ፣ ወይ አንተው ወርደህ ታጸዳለህ። ሬይነር ንጹሕ አይደለም ባዩ አጎቴ የቱን መረጠ? ማጽዳቱን! ሲጠየቅ «የታመመው አንዴ ታሟል» አለ። እኔ ሃንሰንን መረጥኩ፣ ሕዝቡም ዳነ። እንግዲህ ሬይነር በማን እጅ ነው ንጹሕ የሆነው?

ቀድሞ ጎስት በነበረው በቶሽና በዶሚኒየኗ ጎስት በኖቫ ላይም ያው ነው። ቶሽ እስረኞቹን እናስፈታ ሲል ኖቫ ቶሽ አደገኛ ነው፣ እመነኝ ትላለች። አጎቴ ሁልጊዜ ቶሽን ነው የሚመርጠው። ለምን ስለው «እስር ቤት ሰብሬ ሳልገባ ይቆጨኛል» ነው መልሱ። ይሄ ሥነ ምግባር ነው?

አያቴ ደግሞ ያኮረፈው በአጎቴ ነው፣ በኔ አይደለም። እኔን «አንተ ልጅ ነህ» ብሎኛል።

ፈረስ_መጋላ፦

ጀግና ልጅ ነህ! የከዚራው፣ በል ውጣ ከዚህ።

የከዚራው፦

እሺ፣ ቤተሰቤ መድረክ ላይ ወጣ። አንተ ልጅ፣ ሄቨንን ያነሳኸው ለኔ ነው የሚጠቅመኝ፣ ስማ።

ሃንሰንን የመረጠ ሰው ምን ያገኛል? መድኃኒቱ ሠራ፣ ሕዝቡ ዳነ፣ ፕሮቶሶቹ ተሳስተው ነበር። ማጽዳቱን የመረጠ ሰውስ? በሽታው ተሠራጭቶ ነበር፣ ሃንሰን ራሷ በመጨረሻ በዘርግ ተበክላ ታገኛታለህ፣ ሬይነር ትክክል ነበር። ያቺው ፕላኔት፣ ያው ሕዝብ። ቶሽን ብትመርጥ ኖቫ ስትዋሽህ ነበር፤ ኖቫን ብትመርጥ ቶሽ በእርግጥ ክፉ ነበር። ሁለተኛው ጌም ሬይነር የረገጠውን መሬት ሁሉ ቀድሞ ያለሰልስለታል። አንተ ሬይነር ሁልጊዜ ትክክል ነው የምትለኝ በዚህ ጌም ስላደግክ ነው፤ እንዳይሳሳት ተደርጎ ነው የተሠራልህ። እኔ ያደግኩበት ምርጫ አይሰጥህም። ኤስሲቪዋን ካላደረስክ ሚሽኑ አያልፍም። አድርሰህ ስታበቃ ደግሞ አይዞህ፣ ከበረሃው ማዶ ማንም አልነበረም ብሎ አያጽናናህም።

ስለዚህ አቋሜን ብትጠይቁኝ፦ የኮርሃል ልጆች እስከ አንቲጋ ኤሚተር ድረስ ትክክል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ትክክል የሚባል ጦር የለም፤ ትክክል የሆነ ሰው ካለ ከአንቲጋ ሕዝብ ውስጥ ነው፣ ስሙም በጌሙ ውስጥ አልተጠቀሰም። ሬይነር ከሜንግስክ ይሻላል ወይ? በጣም ይሻላል፣ ዛሬም ብጠራ ከሱ ጋር እሰለፋለሁ። ይሻላል ማለት ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሳቢያን፣ አንተም የራስህን ያዝ፤ ቅዳሜ ብሩድ ዋር እንግጠም፣ በዚያው ይለይልናል።

ታይዋን ተራ፣ የምድሩን ጦር ጠይቀህ ነበር። እነሱ ላይ ብዙ ቃል አላጠፋም። አያቶቻቸውን እንደ ቆሻሻ ጭኖ የጣለ ሀገር የልጅ ልጆቹ ሲበለጽጉ «ገዥያችሁ ነኝ» ብሎ መርከብ ይዞ ቢመጣ ምን መብት አለው? ከነሱ የማዝንለት ምክትል አድሚራሉን ስቱኮቭን ብቻ ነው። ዘርግን የሚያዳክመውን መሣሪያ አፍርሱት ሲባል አይሆንም ብሎ ደብቆ አስቀረው፣ ትክክልም ነበር። የጦሩ አዛዥ ዱጋል የዕድሜ ልክ ጓደኛውን ከሃዲ ነው ብሎ አስገደለው፣ ነገሩ የገባው ግን ስቱኮቭ ሊሞት ሲል ነው። ደግሞ ያስገደለው በማን እጅ መሰለህ? በዱራን፣ በእውነተኛው ከሃዲ። ብሩድ ዋርን ያልጨረሳችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ አበላሸሁባችሁ፤ ግን ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጊዜ ነበራችሁ።